የናፍጣ መስክ መኪና ሞተር አጠባበቅ

ለሾፌሮች፣ ለልማት ሠራተኞችና ለጣቢያ ኃላፊዎች የተዘጋጀ

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው የእርሻ ሥራ ከወቅት ጋር የተሳሰረ ነው። በብዙ አካባቢ በቆሎ በሚያዝያና በግንቦት፣ ስንዴ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ፣ ጤፍ ደግሞ በሐምሌ ይዘራል። ዘሩ፣ ማዳበሪያውና የሙከራው ቁሳቁስ ከእነዚህ ቀኖች በፊት ማሳው ላይ ካልደረሰ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ የሚጠገን ነገር አይኖርም። ይህን ሁሉ ከምርምር ጣቢያ ወደ ገበሬው ማሳ የሚያደርሰው በአብዛኛው አራቱም ጎማ የሚነዳ የናፍጣ መኪና ነው። መኪናው በሰኔ ወር ለ3 ሳምንት ጋራዥ ቢቆም የሚባክነው የጥገናው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ሠርቶ ማሳያም አብሮ ይባክናል። የመለዋወጫ ዕቃ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ሲታሰብ ጉዳቱ የበለጠ ከባድ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የናፍጣ ሞተር ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግል ሾፌሩ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚገቡትን ነገሮች እናቀርባለን። በምሳሌነት የምንወስደው በአገራችን የመስክ ሥራ በሰፊው የሚታወቀውን፣ በላንድክሩዘር መኪናዎች ላይ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ የተገጠመውን ባለ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ የተባለውን ሞተር ነው። የአጠባበቁ መሠረት ግን ለሌሎችም የናፍጣ ሞተሮች አንድ ነው።

2. የናፍጣ ሞተር አሠራር ባጭሩ

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን አየር 20 ጊዜና ከዚያም በላይ አጥብቆ ሲጨምቀው የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የናፍጣ ፖምፓው በኢንጀክተሩ በኩል ናፍጣ ይረጫል፤ ናፍጣውም ከጋለው አየር ጋር ሲገናኝ በራሱ ይቀጣጠላል።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ፋሻዎቹና ሲሊንደሮቹ በአቧራ ከተበሉ አየሩ በደንብ አይጨመቅም፤ ካልተጨመቀም አይግልም፤ ሞተሩም በጠዋት አልነሳም ይላል። ሁለተኛ፣ በናፍጣ ፖምፓውና በኢንጀክተሩ ውስጥ ባሉት ተንሸራታች ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት የሺኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 የሺኛ ሚሊ ሜትር መሆኑን ስናስብ፣ ዓይን የማያየው ደቃቅ አሸዋ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ዕድሜ በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በንጹሕ አየር፣ በንጹሕ ናፍጣ፣ በንጹሕ ዘይትና በተመጣጠነ ሙቀት።

3. አየር

4.2 ሊትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 4,200 ሊትር ያህል አየር ይስባል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 250 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህም ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አዳራሽ ከሚይዘው አየር ይበልጣል። በበጋ በጠጠር መንገድ ከሌላ መኪና ኋላ የሚሄድ መኪና ይህን ሁሉ አየር ከነአቧራው ይስባል። በአቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ሞተሩ ከተሠራበት ብረት ይልቅ ጠንካራ ነው።

ስለ አየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) የሚከተሉት መታወቅ አለባቸው፦

ሀ. የወረቀት ፊልትሮ የሚጸዳው በቀስታ በማራገፍና በቀላል የአየር ግፊት ከውስጥ ወደ ውጭ በመንፋት ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት አቧራውን ወደ ወረቀቱ ያስገባዋል። ከፍተኛ ግፊት ወይም በጣም የቀረበ የአየር አፍንጫ ወረቀቱን ይበሳዋል። በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብ ፈጽሞ አይገባም።

ለ. ከጸዳ በኋላ በጨለማ ቦታ የእጅ ባትሪ ከውስጥ አብርቶ ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል። እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ብርሃን እንኳ ከታየ ፊልትሮው መጣል አለበት።

ሐ. ፊልትሮን ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ መክፈት ጥቅም የለውም። በተከፈተ ቁጥር ጥቂት አቧራ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚህም በላይ ጥቂት አቧራ የያዘ ፊልትሮ ከአዲሱ ይልቅ ደቃቁን አቧራ በተሻለ ሁኔታ ይይዛል። አቧራ በበዛበት ሥራ በሳምንት አንድ ጊዜ ማየት፣ የጽዳት ጊዜውን ደግሞ እንደ ሁኔታው መወሰን ይበቃል።

መ. በፊልትሮውና በሞተሩ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ማጥበቂያው ከላላ የፊልትሮው አዲስ መሆን ዋጋ የለውም። ቱቦውን ፈትቶ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ማበስ ጥሩ ምርመራ ነው። ጨርቁ አቧራ ከያዘ አየር በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው ማለት ነው።

ሠ. በድሮ መኪናዎች ላይ ያለው የዘይት ፊልትሮ በሣህኑ ላይ እስከተመለከተው ምልክት ድረስ ብቻ መሞላት አለበት። ከሥሩ ጭቃ ሲጠራቀም ዘይቱ ይለወጣል።

4. ናፍጣ

የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ስለዚህ ውኃ፣ ቆሻሻ ወይም ነጭ ጋዝ የገባበት ናፍጣ ፖምፓውን ያደርቀዋል፤ ይበላዋልም። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ የቀጠነና የማለስለስ ኃይሉ ያነሰ ስለሆነ ከናፍጣ ጋር መደባለቅ አይገባም።

ነዳጅ ማደያ በራቀበት ቦታ ናፍጣ በበርሜል ይቀመጣል። በርሜል ቀጥ ብሎ ደጅ ከቆመ የዝናብ ውኃ በክዳኑ ዙሪያ ይቋጥራል። በርሜሉ ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያንን ውኃ በክዳኑ በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይህን ለመከላከል በርሜሉን በጥላ ሥር በእንጨት ላይ አጋድሞ፣ ሁለቱ ክዳኖች በግራና በቀኝ በእኩል ከፍታ እንዲሆኑ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል። ናፍጣ ከመቀዳቱ በፊት በርሜሉ ቆሞ ቢያንስ አንድ ቀን ይርጋ፤ መሳቢያው ቱቦም ከበርሜሉ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። የቀረው አተላ ለመኪና አይሆንም።

የመኪናውን ሰርባቶዮ ማታ ከሥራ ሲገቡ መሙላት ይሻላል። ግማሽ ባዶ ሆኖ ካደረ በውስጡ ባለው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ውኃ ጠብታ ይለወጣል። በናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ጥቂት ከፍቶ፣ ውኃው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ናፍጣ በበርሜል በሚቀዳበት ሥፍራ ፊልትሮው በመኪናው መጽሐፍ ከተወሰነው ኪሎ ሜትር በግማሹ ቢለወጥ ወጪው ከሚያድነው ጋር አይነጻጸርም። ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ከማድከም ይልቅ በእጅ ፖምፓ አየሩን ማስወጣት ትክክለኛው መንገድ ነው።

ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫሉ። የድሮው ፖምፓ ለጥቂት ጊዜ የሚታገሠውን ውኃና ቆሻሻ እነዚህ አይታገሡም። ስለዚህ ከላይ የተባለው ሁሉ ለእነርሱ ይበልጥ ይጠብቃል።

5. ዘይት

ዘይት የሚያለሰልስ ብቻ አይደለም፤ ያቀዘቅዛል፣ ጥቀርሻን ያጥባል፣ ብረትንም ከዝገት ይጠብቃል። በየጠዋቱ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ በመለኪያው ዘንግ መታየት አለበት። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ከታችኛው ማሳነስም ጎጂ ነው።

የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ውስጥ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ጥቀርሻውን በሚገባ እየያዘ መሆኑን ያመለክታል። የሚያሰጉት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦

ሀ. ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ስለሚችል መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም።

ለ. ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚኖቹን አይጠብቅም።

ሐ. ዘይቱ በፍጥነት ከቀነሰና የማርሚታው ጭስ ሰማያዊ ከሆነ፣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው።

በአቧራና በአስቸጋሪ መንገድ ለሚሠራ መኪና ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ተገቢ ነው። ሆኖም ኪሎ ሜትሩ ሁሉንም አይናገርም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚሠራበት ሰዓትም ዘይቱን ያረጀዋል። በግምት ቆሞ የሠራ አንድ ሰዓት እንደ 40 ኪሎ ሜትር ጉዞ ሊቆጠር ይችላል። ለአብዛኛው የአገራችን የአየር ሁኔታ 15ደብልዩ-40 የተባለው ውፍረት ይስማማል። ዘይቱ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ መሆኑን በቆርቆሮው ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ የኤፒአይ ደረጃው በ«ሲ» ፊደል የሚጀምረው ለናፍጣ፣ በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ነው።

6. ውኃና ሙቀት

በባሕር ጠለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ሆለታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ታዲያ በደጋ ሞተር ሁሉ የማይፈላው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ያለውን ግፊት ስለሚይዝ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። ስለዚህ በደጋ አገር የላላ ክዳን ማለት በሥራ ሙቀቱ ላይ የሚፈላ ሞተር ማለት ነው። በክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ማሰር መፍትሔ አይሆንም፤ በላዩ የተጻፈው ግፊት ተመሳሳይ በሆነ ክዳን መተካት አለበት።

በስምጥ ሸለቆና በቆላ የሚገኘው የጉድጓድ ውኃ ብዙውን ጊዜ ጨውና ኖራ የበዛበት ነው። በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በሞተሩም ውስጥ ይጋገራል፤ ሙቀቱም እንዳይወጣ ያግዳል። በፋብሪካ የተዘጋጀ የራዲያተር ፈሳሽ ከተጣራ ውኃ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ባይገኝ ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከጉድጓድ ውኃ ይሻላል። የራዲያተር ፈሳሽ ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ከሕፃናትና ከከብት መራቅ አለበት።

ረጅም ሣር ባለበት ማሳ ውስጥ የሚነዳ መኪና የሣር ፍሬና ነፍሳት በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰካበታል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ቢመስልም ውስጡ ሊደፈን ይችላል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀላል ግፊት በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። የፋኑን ቺንጋ መሰንጠቅና መላላትም አብሮ መመልከት ተገቢ ነው።

ሞተሩ ከፈላ ጭነቱን ቀንሶ መቆም፣ ኮፈኑን ከፍቶ ማቀዝቀዝና መጠበቅ ነው። የጋለ ራዲያተር መክፈት ሰው ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት አንድ ቴስታታ ያድናል።

7. ከፍታ፣ ጭስና አነዳድ

በሆለታ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን አየር ስለሚያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ ቢረግጥ ናፍጣው እንጂ አየሩ አይጨምርም፤ ውጤቱም ጥቁር ጭስ ነው። ትክክለኛው እርምጃ ማርሽ መቀነስ ነው። ከ740 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው ወረር ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና በዚያው ጭነት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አንዳንድ ጊዜ «ጉልበት እንዲጨምር» እየተባለ የናፍጣ ፖምፓው መወሰኛ ቡሎን ይከፈታል። ይህ በከፍተኛ ሁኔታ የሚወገዝ ነው። አየር ሳይጨምር ናፍጣ ሲጨምር የጭሱ ሙቀት ከልክ ያልፋል፤ ፒስተንም ይቀልጣል። ፖምፓ መነካት ያለበት መለኪያ መሣሪያ ባለው ጋራዥ ብቻ ነው።

የጭስ ቀለም የሚከተለውን ይናገራል፦ ጥቁር፣ የአየር ማነስ ወይም የናፍጣ መብዛት፤ ሰማያዊ፣ ዘይት መቃጠል፤ ነጭ፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ደግሞ ውኃ።

እንደ ዓባይ በረሃ ባለ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ በሚወርድና መልሶ በሚወጣ መንገድ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። ሲወርዱ በፎሌ መንዳት ፍሬኑን አግሎ ለሞት ያደርሳል። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መመለስ ደግሞ ሞተሩን ከልክ በላይ አዙሮ ቫልቮቹን ይሰብራል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ ሁለቱንም ያስቀራል። ሲወጡ ደግሞ የሙቀት መለኪያውን መከታተል ግዴታ ነው።

8. ማስነሳትና ማጥፋት

በብርድ ጊዜ የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ይገባል። ሞተሩ እንደተነሳ ማስጮህ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው፤ ዘይቱ ገና የላይኛው ክፍል አልደረሰም። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በቀስታ እየነዱ ማሞቅ፣ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ከማሞቅ ይሻላል። ተርቦ ያለው ሞተር ከከባድ ጉዞ በኋላ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ መሥራት አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ በጋለው ተርቦ ውስጥ ይቃጠላል።

9. ወንዝና ጭቃ

አየር ይጨመቃል፤ ውኃ ግን አይጨመቅም። በወንዝ መሻገሪያ ውኃ በአየር መሳቢያው በኩል ወደ ሲሊንደር ከገባ የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል። ስለዚህ የአየር መሳቢያው ያለበትን ከፍታ ማወቅ፣ የውኃውን ጥልቀት አስቀድሞ በእንጨት መለካት ያስፈልጋል። ሞተሩ ውኃ ውስጥ ከጠፋ ዳግም ለማስነሳት መሞከር ክልክል ነው፤ መኪናው ተስቦ ወጥቶ ፊልትሮው ይታይ። ፊልትሮው ከረጠበ መካኒክ ሳያየው መነሳት የለበትም።

ጭቃ ላይ ጎማ እያሽከረከሩ ሞተር ማስጮህ መኪናውን ይበልጥ ያሰምጠዋል። የአራቱን ጎማ ማርሽ ከመግባት በፊት ማስገባት እንጂ ከሰመጡ በኋላ ማስታወስ አይጠቅምም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሁልጊዜ መፍታት ያስፈልጋል።

10. የታይሚንግ ቺንጋ

የ1ኤችዜድ ሞተር ቫልቮች የሚንቀሳቀሱት በጎማ ቺንጋ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው 2ኤች ሞተር በጥርስ ማርሽ ይሠራ ስለነበር ይህ ጥንቃቄ አልነበረውም። ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት፤ ለማስታወሻም በሾፌሩ ፊት መብራት ይበራል። መብራቱን ያለ ለውጥ ማጥፋት ራስን ማታለል ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ይወርዳል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው በተበላሸ መኪና ላይ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ ካልታወቀ፣ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ መለወጥ ይሻላል።

11. የሥራ መርሐ ግብር

በየቀኑ፦ ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ)፣ ከመኪናው ሥር የተንጠባጠበ ነገር፣ የጭሱ ቀለም።

በየሳምንቱ፦ የአየር ፊልትሮ፣ ከናፍጣ ፊልትሮ ውኃ ማፍሰስ፣ ቺንጋ፣ የባትሪ ውኃና ቡሎኖች።

በየ5,000 ኪሎ ሜትር፦ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መለወጥ፣ የአየር ቱቦዎችን መመርመር።

በየ10,000 ኪሎ ሜትር፦ የናፍጣ ፊልትሮ መለወጥ፣ የራዲያተር ክዳንና ቱቦ መመርመር።

በየዓመቱ በሚያዝያ፦ ከክረምት በፊት ሙሉ ምርመራ። ማንኛውም ትልቅ ጥገና በዚህ ወር ይሠራ እንጂ ለሰኔ አይቆይ።

ይህ ሁሉ በአንድ ደብተር መጻፍ አለበት፦ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተሠራው ሥራ፣ የተጨመረው ዘይት መጠንና የሾፌሩ ፊርማ። አንድን መኪና ሦስትና አራት ሾፌር በሚነዳበት መሥሪያ ቤት ደብተሩ ከሌለ እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ይተወዋል። ዘይቱ በወር ውስጥ ግማሽ ሊትር ይጨመርበት የነበረ መኪና ሁለት ሊትር መጠጣት ከጀመረ ይህን የሚናገረው ደብተሩ ነው። ኃላፊዎችም ሾፌሩ ለምርመራ የሚጠይቀውን ግማሽ ቀን እንደ ባከነ ጊዜ ሊቆጥሩት አይገባም።

12. ማጠቃለያ

በሬውን ሳያበላና ሳያጠጣ እርሻ የሚጠብቅ ገበሬ የለም። መኪናም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከላይ የተዘረዘሩት ሥራዎች አብዛኞቹ ልዩ መሣሪያ ወይም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት በየጠዋቱ 10 ደቂቃና ንጹሕ ጨርቅ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የላላ ክዳን፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ውኃ የያዘ ፊልትሮ በቅጠል የሚጠፉ እሳቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ በመኪናው ውስጥ ከደብተሩ ጋር እንዲቀመጥና አዲስ ሾፌር ሲመደብ በቅድሚያ እንዲያነበው እናሳስባለን።